ከቤት የሸሸች ልጅ የት ታድራለች? የሴቶች ማረፊያ በኢትዮጵያ እንዴት ተጀመረ፣ እንዴትስ ሰፋ

ቆጋ አካባቢ ያለች አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ሊድሯት መሆኑን ሰማች እንበል። በእኛ አገር ሠርግ የሚበዛው በጥርና በሚያዝያ ነው፤ ወሬው ለልጅቷ የሚደርሳት ግን ብዙ ጊዜ ቀኑ ከደረሰ፣ ጠላው ከተጠነሰሰ በኋላ ነው። ልጅቷ እምቢ አለች። ቦዩን ተሻግራ፣ አስፋልቱ ላይ ወጥታ መራዊ ደረሰች። ከመራዊ ባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ተሳፍራ ባሕር ዳር ገባች። ከዚያስ?

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚች "ከዚያስ" ነው። ቆጋ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ግድቡን፣ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣውን መስኖ፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን ነው። እኛም ብዙ ጊዜ የምንዘግበው እሱኑ ነው። ከዚሁ ቀበሌ ተነስተው ከተማ ስለሚገቡ ልጆች ግን ብዙም አልተጻፈም።

ባሕር ዳር የገባችው ልጅ ያሏት አማራጮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አክስት ወይም የአጎት ልጅ ካለች እዚያ ትሄዳለች፤ ዘመድ ግን ዘመድ ነውና ማታውኑ ለአባትየው ስልክ ሊደወል ይችላል። መናኸሪያ ላይ ደላላ ካገኛት በማግስቱ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ደመወዟን ማን እንደሚቀበል፣ ማታ የት እንደምትተኛ፣ የቤቱ ባለቤት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚጠይቅላት የለም። ፖሊስ ጣቢያ ከሄደች ቃሏን ይቀበላሉ፤ ጥሩ ፖሊስ ከገጠማትም በደንብ ይቀበሏታል። ግን ጣቢያ የልጅ ማደሪያ አይደለም። አግዳሚ ወንበር ላይ ስንት ሌሊት ይታደራል?

ሸሽቶ መጠጋት ለእኛ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጥንት የተበደለም የበደለም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይማጸን ነበር፤ ከዚያ ጎትቶ የሚያወጣው አልነበረም። ለሴት ልጅ ግን ይቺም በር ሁልጊዜ ክፍት አልነበረችም። እዚሁ ጣና ላይ እነ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው።

አራተኛው አማራጭ የሴቶች ማረፊያ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

"ማረፊያ ቤት" ስትሉ ግማሹ ሰው እስር ቤት ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም። የፖሊስ ዜና ላይ "ተጠርጣሪው በማረፊያ ቤት ይቆይ" ሲባል ነው የለመድነው። "መጠለያ" ስትሉ ደግሞ የተፈናቃዮች ድንኳን ትዝ ይላል። ሥራው ውስጥ ያሉ ሰዎች አንዳንዴ "ሴፍ ሀውስ" ይላሉ። በዚህ ጽሑፍ "የሴቶች ማረፊያ" ወይም ባጭሩ "ማረፊያ" ስንል ጥቃት የደረሰባት ወይም ሊደርስባት የተቃረበ ሴት ወይም ልጅ ለተወሰነ ጊዜ በነጻ የምትኖርበት፣ የምትታከምበት፣ ጠበቃ የምታገኝበት፣ አድራሻው የማይነገር ቤት ማለታችን ነው።

ሐሳቡ በዓለም ላይም ያን ያህል አሮጌ አይደለም። በዘመናዊ መልኩ የታወቀው የመጀመሪያው ማረፊያ ለንደን ቺዝዊክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 በኤሪን ፒዚ የተከፈተው ነው። ወደ እኛ የሚቀርበው የኬንያው ነው። ናሮክ ከተማ ላይ አግነስ ፓሬዮ የምትባል የማሳይ ሴት ከግርዛትና ከልጅነት ጋብቻ ለሚሸሹ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2002 ታሳሩ ንቶሞኖክ የተባለውን ቤት ከፈተች። ልጆቹ እዚያ ሆነው ትምህርት ይማራሉ፤ ከወላጅ ጋር የማስታረቁም ሥራ እዚያው ይሠራል። የሸሹበት ምክንያት ከእኛዋ ልጅ ጋር አንድ ስለሆነ ነው ያነሳነው።

ሕጉ መጣ፣ ቤቱ ግን አልነበረም

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ ለልጅቷ አይቆምም ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች። በ1949ኙ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከክስ ይድናል። ቆም ብላችሁ አስቡት፦ ወንጀሉን በሠርግ ማጠብ ይቻል ነበር።

ይህን ለመለወጥ ከታገሉት ዋነኛዋ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናት፤ አዎ፣ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው። ማኅበሩን አገር ያወቀው አርሲ ውስጥ ተጠልፋ ጠላፊዋን በገደለችው የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን "ድፍረት" ፊልም ያያችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ፍርድ ቤቱ ራሷን በመከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት።

ፊልሙን ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንዘላት ነገር አለች። ልጅቷ በነጻ ተሰናብታም ወደ መንደሯ ተመልሳ መኖር አልቻለችም። ከቤተሰቧ ርቃ ለማደግ ተገደደች። ችሎት ላይ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ በዚያው ማታ የት ትተኛለች የሚለው ሌላ ነገር ነው። የሕግ ባለሙያዎቹ በየመዝገቡ የሚገጥማቸው ይሄ ነበር። ባሏን የከሰሰች ሴት ከችሎት ወጥታ የምትመለሰው እዚያው ባሏ ቤት ነው። አባቷን ወይም የእንጀራ አባቷን የከሰሰች ልጅም እንደዚያው። ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ምስክርነቷን ብታጥፍ ምን ይገርማል?

ሕጉ ግን ተሻሻለ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ። አማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። በግንቦት 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋን በጋብቻ የማጠቡን ነገር አስቀረው። አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመን ሰው ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ቅጣቱ በቂ ነው ወይ የሚለውን ለእናንተ እንተወዋለን። 

አንዲት ዳኛ እና አንድ ቤት

ማሪያ ሙኒር ዳኛ ነበረች። ፍርድ ቤት ተቀምጣ ያየችው ከላይ ያልነውን ነው፤ መዝገቡ ይዘጋል፣ ሴትየዋ መሄጃ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2003 እሷና ባልደረቦቿ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን አቋቋሙ። ስሙ ላይ "ማረፊያ" እና "ልማት" ጎን ለጎን የተቀመጡት ለጌጥ አይደለም። አስጠልሎ ማብላት ብቻውን ሴትየዋን ከሦስት ወር በኋላ እዚያው የሸሸችበት በር ላይ ይመልሳታል፤ ቢያንስ ገቢ የምታገኝበት ነገር ይዛ መውጣት አለባት።

ከመመሥረት እስከ መክፈት ሦስት ዓመት ገደማ ወሰደ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ማረፊያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ለምን ሦስት ዓመት? ነገሩን ከኪራይ ጀምራችሁ አስቡት። ማን ነው ግቢውን ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያከራይ? ጎረቤት ምን ይላል? "የሰው ሚስት የሚደብቁ" ሲባሉ ማን ይከላከልላቸዋል? ፖሊስ አምኖ ልጅ እንዲልክላቸው፣ ዐቃቤ ሕግ ምስክሩን እንዲያስቀምጥባቸው፣ ሆስፒታል እንዲቀበላቸው እያንዳንዱን በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ማረፊያ ማለት ግድግዳው ብቻ አይደለም፤ ግድግዳውን ከጣቢያው፣ ከሐኪሙና ከችሎቱ ጋር የሚያገናኘው ክር ነው። ክሩ ካልተፈተለ ቤቱ ባዶ ክፍል ነው።

ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ማኅበሩ አዳማና ሐዋሳ ላይ ማረፊያ ከፈተ። ሌሎችም ነበሩ፣ አሉም። ኦፕሪፍስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ድርጅት ጎዳና ላይ ያሉ ሴት ልጆች ላይ ይሠራል። አጋር ኢትዮጵያ ከአረብ አገር ተጎድተው የሚመለሱ እህቶችን ይቀበላል። አሶሳ ላይ ሙጀጀጓ ሎካ የሚባል የሴቶች ልማት ማኅበር የራሱን ማረፊያ ይዟል።

መሀል ላይ ግን ትልቅ እንቅፋት መጣ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ አገር ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ምግብና መኝታ መስጠት ይፈቀዳል፤ መብት ማስከበር ግን አይፈቀድም። ከሁሉ በላይ የተመታው ያ የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር ነው፤ የባንክ ሒሳቡ ታገደ፣ አብዛኛውን ሠራተኛውን አሰናበተ። ነጻ ጠበቃ ያቆም የነበረ ድርጅት ሲዳከም ማረፊያ ውስጥ ያለችው ልጅም መከታ አጣች። አዋጁ የተሻረው በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ማለት ነው። በእኛ ግምት ዛሬ ክፍለ ሀገር ላይ ማረፊያዎች ካነሱበት ምክንያት አንዱ ይሄው የባከነ አሥር ዓመት ነው።

ውስጡ ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ፣ ማንም ሰው ሄዶ አያንኳኳም። ብዙዎቹ ማረፊያዎች ልጅ የሚቀበሉት በመላኪያ ደብዳቤ ነው፤ ከፖሊስ፣ ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ከሆስፒታል። አድራሻው የማይነገረው ተበዳይዋን የሚፈልጋት ሰው ስላለ ነው። ባል፣ አባት፣ ወንድም፣ አንዳንዴ ሽማግሌ። ሽማግሌዎቹን ቀለል አድርጋችሁ አትዩዋቸው። ብዙ የተጀመረ ክስ የሚቋረጠው በዱላ ሳይሆን በሽምግልና ነው፤ "ልጄ፣ የወንድምሽን ቤት አታፍርሺ" በሚል ለስላሳ ቃል።

ልጅቷ ስትገባ መጀመሪያ ሕክምና ታገኛለች። ከዚያ ልብስ፣ ምግብ፣ መኝታ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ታናግራታለች፤ በቀጠሮዋ ቀን የማኅበሩ ሰው አብሯት ችሎት ይሄዳል። ፊደል ያልቆጠረች ፊደል ትቆጥራለች፣ ተማሪ የሆነችው ከትምህርቷ እንዳትርቅ ይሞከራል። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉት ምግብ ዝግጅት፣ ልብስ ስፌት፣ ጥልፍ ወይም ፀጉር ሥራ ይማራሉ። በአዲስ አበባው ቤት ራስን የመከላከል ስፖርት ጭምር ይሰጥ ነበር። ለአንዳንዱ ሰው ይሄ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ እኛ አይመስለንም። ሰው እጇን ጠምዝዞ የወሰዳት ልጅ እጇ የራሷ መሆኑን እንደገና መማር አለባት።

ብዙዎቹ አርግዘው ወይም ወልደው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ማረፊያው የሕፃናት ማቆያም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ የሕግ ነጥብ እናንሳ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት ጽንሱ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የመጣ ከሆነ፣ ወይም እናትየው ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች በሕክምና ተቋም ማቋረጥ ወንጀል አይደለም። ለዚህም ደፋሪው ተይዞ እስኪፈረድበት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የእሷ ቃል በቂ ነው። ጽንሱን አቆየዋለሁ ካለችም ማረፊያው እስክትወልድና እስክትጠነክር ያቆያታል።

ቆይታው እንደ ጉዳዩ ነው። አንዳንዷ ሳምንታት ቆይታ ትወጣለች፤ ክሷ በቀጠሮ የሚጓተትባት ግን ወራት ትቆያለች። ፍትሕ የሚዘገይበት አገር ላይ የማረፊያ አልጋ ቶሎ አይለቀቅም። አንድ ቀጠሮ ለሦስት ወር በተራዘመ ቁጥር ውጭ የምትጠብቅ ሌላ ልጅ አለች ማለት ነው። ማረፊያ ጨምሩ ስንል ችሎቱንም አፍጥኑ ማለታችን ነው።

ከባዱ ግን መውጫው ነው። ለ25 ዓመት ሴት ትንሽ መነሻ ገንዘብና ሙያ ይዞ ቤት ተከራይቶ መጀመር ይቻል ይሆናል። ለ13 ዓመት ልጅ ግን "ውጪና ኑሪ" አይባልም። ወደ ቤተሰብ ትመለስ ከተባለ መጀመሪያ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሄዶ ቤቱን ያያል፣ ወላጆችን ያናግራል፣ ቀበሌው ቃል ያስገባል፣ ከተመለሰች በኋላም ይከታተላል። ይሄ ሁሉ ተደርጎም በሚቀጥለው ጥር ምን እንደሚሆን ዋስትና የለም። ቤተሰቧ የማያስተማምን ከሆነ ደግሞ ሌላ ዘመድ፣ ወይም ለዓመታት የሚያሳድግ ተቋም መፈለግ ነው። በእኛ እይታ ማረፊያን መመዘን ያለብን ስንት ልጅ ገባች በሚለው ሳይሆን ከወጡት ስንቶቹ ከዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ናቸው በሚለው ነው።

ሞሰቦ፦ ልጅቷ ሳትሸሽ በፊት

ከባሕር ዳር ብዙም በማትርቅ ሞሰቦ በምትባል የገጠር መንደር የተሠራ ሙከራ አለ። ዓለም ያውቀዋል፤ ባሕር ዳር ላይ ብትጠይቁ ግን ብዙ ሰው አልሰማም። ስሙ ብርሃነ ሔዋን ነው። ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው የምርምር ድርጅትና የአማራ ክልል የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ሠሩት።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ልጆቹ በቡድን ይሰበሰባሉ፤ መካሪ የምትሆናቸው ሴት አለች። ትምህርት ቤት ላሉት ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣል፤ ከትምህርት ውጭ ላሉት መሠረታዊ ትምህርት። ከወላጆች ጋር በየጊዜው ውይይት ይደረጋል። ቤተሰቡ ልጁን ሁለት ዓመት ሳይድር ከቆየ መጨረሻ ላይ አንድ ፍየል ይሸለማል። ፍየሏ ላይ የሚስቅ ሰው እናውቃለን። ግን ልጅን ቶሎ መዳር በብዙ ገበሬ ቤት የክፋት ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ በሒሳብ የመጣውን በሒሳብ መመለስ ያዋጣል።

ውጤቱስ? ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ከሌላ ማነጻጸሪያ መንደር ልጆች ጋር ሲተያዩ የማግባት ዕድላቸው አንድ አሥረኛ ሆኖ ተገኘ። ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። የጥናቱ ሌላኛው ግማሽ ግን ብዙ ጊዜ አይወራም። ከ15 እስከ 19 ያሉት የሞሰቦ ልጆች በጥናቱ ማብቂያ ላይ ከማነጻጸሪያው መንደር ይልቅ ብዙዎቹ አግብተው ተገኙ። ማለትም ጋብቻው ለትንንሾቹ ቢዘገይም ለትልልቆቹ አልቀረም።

በኋላ በሰፋው ሙከራ እያንዳንዱ ድጋፍ ለየብቻ ተፈተነ። ከ12 እስከ 14 ላሉት የትምህርት ቁሳቁስ ብቻውን ጋብቻን በ94 በመቶ ሲቀንስ፣ ከ15 እስከ 17 ላሉት ደግሞ በዓመት ሁለት ዶሮ መስጠት በግማሽ ቀነሰው። ሁለት ዶሮ! የሠርግ ድንኳን ኪራይ ስንት እንደሆነ የምታውቁ አስሉት።

ይሄው ድርጅት ከገጠር ወጥተው ከተማ የሰው ቤት ለሚሠሩ ልጆችም ብሩህ ተስፋ የሚባል ፕሮግራም ነበረው። መካሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ "እዚህ ቤት የምትሠራ ልጅ አለች?" እያሉ ይመዘግቡ ነበር። አሠሪዋን አስፈቅደው በሳምንት ለተወሰኑ ሰዓታት ያወጧታል፤ ትማራለች፣ ጓደኛ ታገኛለች፣ ችግር ሲገጥማት የምትነግረው ሰው ይኖራታል። አዲስ አበባ ተጀምሮ ባሕር ዳርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። መናኸሪያ ላይ ደላላ ያገኛትን ልጅ አስታውሱ። ለእሷ ማረፊያ የሚያስፈልጋት ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ ቡድን ግን ሳይከፋ ሊደርስባት ይችላል።

ቁጥሩ እና ጦርነቱ

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 40 በመቶዎቹ ከ18 ዓመታቸው በፊት፣ 14 በመቶዎቹ ከ15 በፊት አግብተዋል። ዩኒሴፍ በልጅነታቸው ያገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶችና ልጆችን 15 ሚሊዮን ብሎ ይገምታል፤ 6 ሚሊዮኑ ከ15 ዓመታቸው በፊት። አማራ ክልል ልጆች ቀድመው ከሚያገቡባቸው ክልሎች ፊተኛው ሆኖ ኖሯል፤ ሆኖም ከሌሎች ይልቅ ለውጥ ካሳዩትም አንዱ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ የልጅነት ጋብቻን በ2025 አጠፋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። 2025 አልፏል።

ሕጉ ሲጠብቅ ማምለጫውም ይረቅቃል። በተዝካር ወይም በማኅበር ድግስ ስም የሚዳር አለ። ታላቅ እህት በይፋ ስትዳር ታናሽየዋን አብሮ የሚሸኝ አለ። ዕድሜ ይመርመር ሲባል ታላቋን ልኮ ታናሿን የሚድርም ይኖራል። ይህን ከሩቅ ያለ ባለሥልጣን አያየውም። የሚያየው አብሯት የሚማር ልጅ ነው፣ አስተማሪዋ ናት። ለዚህ ነው ትምህርት ቤት ክፍት መሆኑ ከፊደሉም በላይ የሚያስፈልገው።

እና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የሰሜኑ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2020 ከጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም ከ2015 ሐምሌ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል ተብሏል። መንገድ ሲዘጋ፣ ፍርድ ቤት በሚገባ በማይሠራበት ወረዳ፣ ፖሊስ ገጠር ቀበሌ መድረስ ሲያቅተው ያቺ ሸሽታ ሚኒባስ የምትሳፈር ልጅ መጀመሪያውኑ መሳፈሪያ አታገኝም። አባቶችም የየራሳቸው ስሌት አላቸው፤ "ታጣቂ ሳያገኛት በሰው እጅ ትግባ" የሚል። ስሌቱን ትክክል ነው አንልም። ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነው።

የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር የሰፋው በዚህ ክፉ ጊዜ ነው። በኮቪድ ወቅት አዲስ ገቢዎች ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀላቸው በፊት ተለይተው የሚቆዩበት ተጨማሪ ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ደሴና ደብረ ብርሃን ላይ በግጭቱ የተጎዱና የተፈናቀሉ ሴቶችን መቀበል ተጀመረ። ማረፊያዎቹን የሚያገናኝ አገር አቀፍ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኤን ዊሜን ድጋፍ ተመሥርቷል፤ ልጅን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማስተላለፍና የጋራ የአሠራር ደንብ ለመያዝ ይረዳል።

ገንዘቡ ግን የሚመጣው በአብዛኛው ከለጋሾች ነው። የፕሮጀክት ገንዘብ ማለቂያ ቀን አለው፤ የልጅ ልጅነት ግን በፕሮጀክት ዘመን አይቆረጥም። ክልልና ከተማ አስተዳደሮች ቢያንስ የቤት ኪራዩን፣ ውሃና መብራቱን፣ የአንድ ነርስ ደመወዝ በመደበኛ በጀት ይያዙ የሚለውን ጥያቄ እኛም እንጠይቃለን። መንገድ በበጀት ይሠራል። ይሄም መንገድ ነው።

ርቀቱንም እዩት። የመጀመሪያው ቤት ሲከፈት ከቆጋ ልጅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ደሴም ቢሆን ከባሕር ዳር ሲታሰብ በወልድያ ዞሮ የሚኬድበት ረጅም መንገድ ነው፤ ሰላም ባለበት ቀን።

እናንተ ጋ ብትመጣስ?

ጓደኛችሁ፣ የጎረቤት ሠራተኛ፣ የክፍላችሁ ልጅ ብትነግራችሁ መጀመሪያ እመኗት። "ምን ለብሰሽ ነበር" የሚል ጥያቄ እዚያው ይቅር።

ሊድሯት ከሆነና ቀን ካለ ለትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህር፣ ለቀበሌ ወይም ለወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ንገሩ። ለአንዱ ነግራችሁ አትተዉ፤ ሠርግ አስቁመው የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቦታ የነገሩት ናቸው።

ተደፍራ ከሆነ ከጣቢያ በፊት ሆስፒታል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ እሱም ሲዘገይ አቅሙ ይቀንሳል። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ ብትሄድ ማስረጃው ይተርፋል። ልብሱን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልሉት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። 72 ሰዓት ካለፈም ትሂድ፤ ሌላ የሚደረግ ሕክምና አለ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ላይ ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አንድ ቦታ የሚገኙበት የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ቀደም ብሎ ከጀመሩት ነው። ልጅቷ ታሪኳን አራት ቦታ ከመድገም ትድናለች፤ ወደ ማረፊያ የመላኩም ሥራ ከዚያው ሊጀመር ይችላል።

ፎቶዋን ግን አትለጥፉ። ፊቷን ሸፍናችሁም ቢሆን፣ ለእርዳታ ማሰባሰቢያም ቢሆን። መንደሯን፣ ትምህርት ቤቷን፣ የአባቷን ስም ከጻፋችሁ የሚፈልጋት ሰው ያገኛታል። በመልእክት ሳጥናችን የሚላኩልን እንዲህ ያሉ ፎቶዎች አሉ፤ አንድም ቀን አልለጠፍንም፣ አንለጥፍምም። ማረፊያው የት እንደሆነ ብታውቁም ለማንም አትናገሩ፤ "አጎቷ ነኝ" ብሎ ለሚጠይቃችሁም ጭምር።